የእንቁራሪት ቆዳና ገዳዩ ፈንገስ



ክረምት በገባ ቁጥር በየረግረጉና በየወንዙ ዳር ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ የምታድረው እንቁራሪት በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የንግግር ርእስ ስትሆን የሚገርመው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ የእንቁራሪት ቆዳ ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ዴንማርካዊው ሊቅ ሐንስ ኡሲንግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት የተገፈፈ የእንቁራሪት ቆዳ አንድ ዓይነት የጨው ውሃ በያዙ ሁለት ክፍሎች መካከል እንደ ግድግዳ ወጥሮ በውጭና በውስጥ ገጹ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ለካ፤ ከዚያም ከውጭ ባገናኘው ኮረንት ልዩነቱን ዜሮ ላይ አቆመው። ለዚህ ያስፈለገው ኮረንትም ቆዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ከሚስበው ሶዲየም ጋር ልክ ለልክ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ይህ ቆዳ ተራ ልባስ አይደለም። እንቁራሪት ውሃን በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጥጣለች፤ በከፊልም በቆዳዋ ትተነፍሳለች። የወንዝ ውሃ ከደሟ ይልቅ በጨው እጅግ የደኸየ በመሆኑ ውሃው ወደ ውስጥ ለመስረግ፣ ጨዋም ወደ ውጭ ለማምለጥ ዘወትር ይታገላታል። በሕይወት የምትቆየው ቆዳዋ ሌት ተቀን ሳያርፍ የጎደለውን ጨው መልሶ ስለሚስብላት ነው። ግድብና ፓምፕ በአንድ ስስ ገጽ ላይ ተዋሕደው ተሠርተዋል ማለት ይቻላል።

ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በአውስትራሊያ፣ ጥቂት ቆይቶም በመካከለኛው አሜሪካ፣ ደናቸው ባልተመነጠረ ተራራማ ሸለቆዎች ሳይቀር እንቁራሪቶች በገፍ ማለቅ ጀመሩ። ጭስ የሚያወጣ ፋብሪካ በአካባቢው የለም፤ ሬሳቸውም ሲታይ ለሞት የሚያበቃ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አይገኝበትም ነበር። ምክንያቱ በቆዳቸው ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ፈንገስ መሆኑ በጽሑፍ የተገለጸው በ1998 ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት ባትራኮኪትሪየም ዴንድሮባቲዲስ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ለአፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን ባትራኮስ በግሪክ እንቁራሪት፣ ኪትራ ደግሞ ማሰሮ ማለት ነው። በቆዳው ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ ስፖር የሚያፈላው አካሉም በእርግጥ አንገት ያላት ማሰሮ ይመስላል። ስፖሩ ባለ አንድ ጭራ ሆኖ በውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ቆዳ ሲያገኝ ይሰርጋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ አድጎ በማሰሮው አንገት በኩል አዲስ ስፖር ይረጫል። እግር ያላወጣች የእንቁራሪት ልጅ ኬራቲን የሚገኝባት በአፏ ዙሪያ ብቻ ስለሆነ በሽታውን ተሸክማ ትኖራለች እንጂ በአብዛኛው አትሞትም። የምትሞተው አድጋ ሙሉ ቆዳ ስትለብስ ነው።

ቆዳን ብቻ የሚነካ ፈንገስ እንዴት ይገድላል? መልሱ የተገኘው ኡሲንግ ባወጣው ስልት ነው። በ2009 በወጣው ጥናት፣ በጠና የታመሙ የአውስትራሊያ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪቶች ቆዳ ጨው የመሳብ ኃይሉ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም በ20 በመቶ ገደማ፣ ፖታሲየም ደግሞ በ50 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ በመጨረሻም ልባቸው ቀጥ ይላል። ጨው በአፋቸው የተሰጣቸው ሕመምተኞች ሕይወታቸው የተራዘመው በሰዓታት ብቻ ነው፤ ፓምፑ ቆሞ ውሃ በባልዲ ቢቀዳ የሚገኘው ፋታ ያን ያህል ነውና።

በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምገማ በዚህ በሽታ ቁጥራቸው የተመናመነ 501 ዝርያዎችን ሲቆጥር፣ ከእነዚህ 90ዎቹ ጨርሰው እንደጠፉ ይገመታል። የፈንገሱ መነሻ ምሥራቅ እስያ መሆኑን የ2018 የዘረመል ጥናት አመልክቷል። ወደ ሌላው ዓለም ያጓጓዘው የሰው ንግድ እንደሆነም ይታመናል።

መድኃኒት የለም ማለት ግን አይደለም። የስፔን ግዛት በሆነችው በማዮርካ ደሴት ተመራማሪዎች የእንቁራሪት ልጆችን ከኩሬ አውጥተው ፀረ ፈንገስ በሆነው ኢትራኮናዞል አጠቧቸው፤ ወደ ኩሬው ሲመልሷቸው ግን በሽታው አገረሸ። ዳግመኛ ሲሞክሩ ኩሬዎቹን አድርቀው ዓለቱንም በኬሚካል አጠቡት፤ በዚህ ጊዜ እንደተሳካላቸው በ2015 አስታወቁ። ነገር ግን የማዮርካ ኩሬዎች በዓለት ላይ የተቦረቦሩ ትናንሽ ገንዳዎች ናቸው። የሐረና ደንን ምንጭና ጅረት ማን አድርቆ ያጥባል?

በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ፈንገሱ በበርካታ ዝርያዎች ላይ በብዛት መገኘቱ በ2012 ታትሟል። ፈንገሱ መገኘቱ ብቻውን እልቂት ደርሷል አያሰኝም። ይሁን እንጂ በባሌ ተራሮች ከዚያ ሌላ የትም የማይኖሩ እንቁራሪቶች አሉ፤ ፈንገሱም በተለይ የሚስማማው ከ17 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ቀዝቃዛ አየር ነው። ዘሮቹ በገዳይነታቸው እኩል ስላልሆኑ፣ ፈንገሱ ባለበት አገርም ቢሆን ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው አዲስ ዘር ማሻገር አደጋ አለው።

ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የውሃ ፍሰት የሚለካና የድልድይ መሠረት የሚያስቆፍር ሰው ደግሞ መሐንዲስ ነው። በቦቲ ጫማው ላይ የቀረ እርጥብ ጭቃ፣ በፓምፕ ቱቦ ውስጥ የተኛ ውሃ ለስፖሩ በቂ መጓጓዣ ነው። ፈንገሱ ግን ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይሞታል፤ በ37 ዲግሪ ሙቀት አራት ሰዓት አይቋቋምም፤ በረኪናም ያጠፋዋል። ከሸለቆ ወደ ሸለቆ የሚሻገር የጥናት ቡድን ጭቃውን አራግፎ ጫማውን በበረኪና ቢያጥብ፣ ቱቦውንም አንጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣ የሚያባክነው ጊዜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም።