የሚላስ ጨው፦ ምን ይቀላቀልበት? የትስ ይቀመጥ?



ትናንት ስለ ጭድና ስለ መኖ ሣር አያያዝ ተነጋግረናል። ዛሬ የምናነሣው ብዙዎቻችሁ እንደ ቀላል የምታዩትን ጨውን ነው። ለከብት ጨው ማስላስ ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ አባቶቻችን አሞሌ ሰባብረው ያስልሱ ነበር። ጥያቄው ጨው ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለው ነው። አይበቃም።

አንድ ሊትር የላም ወተት 1.2 ግራም ያህል ካልሲየምና 0.9 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይዞ ይወጣል። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም 12 ግራም ካልሲየምና 9 ግራም ፎስፈረስ በወተቷ ታወጣለች ማለት ነው። የምታበሏት ጭድ ደግሞ ፎስፈረስ በጣም ያንሰዋል፤ ጨውም ይህን አይተካም። ስለዚህ ላሟ ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ትሰጣችኋለች። ውሎ አድሮ ፀጉሯ ይንጨፈረራል፣ አጥንት፣ ጨርቅና ገመድ ታኝካለች፣ ግድግዳ ትልሳለች፣ ከወለደች በኋላም ቶሎ ኮርማ አትፈልግም። ያን ጊዜ «መከነች» ተብላ ገበያ ትወጣለች። ጥጃ ያልተወለደበት ዓመት ወተትም የሌለበት ዓመት መሆኑን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በእርግጥ ላም ኮርማ የማትፈልገው በማዕድን እጥረት ብቻ አይደለም። የውስጥ ትልም፣ ረሃብም፣ የማህፀን በሽታም አለ። በመጀመሪያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይያት።

ፎስፈረስና ካልሲየም በቅርብ የምታገኙት ከአጥንት ነው። ጤነኛ ሆኖ ከታረደ ከብት የተገኘ አጥንት ሰብስባችሁ ነጭ እስኪሆንና በእጅ እስኪፈረፈር ድረስ አቃጥሉት። ከዚያም ውቀጡትና ንፉት። አንድ እጅ የአጥንት ዱቄት ከአንድ እጅ ጨው ጋር ቀላቅሉ፤ በዚሁ ይበቃል። ሞቶ ከተገኘ ከብት አጥንት ግን ፈጽሞ አትንኩ። በአባሰንጋ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ ሰውንም ይገድላል።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ማዳበሪያ ዩሪያ በገዛ እጃችሁ ከጨው ጋር አትቀላቅሉ። ዩሪያ ያለበት የሚላስ ብሎክ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በልክ ተቀላቅሎ፣ በዝግታ እንዲላስ ተደርጎ ጠንክሮ የተሠራ ነው። ላላ ብሎ ከተሠራ ወይም ዝናብ ካሟሟው ከብቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ይወስድና በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ለትንንሽ ጥጆችና ለጋማ ከብትም አይሰጥም። ሁለተኛው፣ ለላም ተብሎ መዳብ የተጨመረበትን ጨው ለበግ አትስጡ። መዳቡ በበጉ ጉበት ውስጥ ሳይታወቅ ይጠራቀምና አንድ ቀን በድንገት ይገድለዋል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ገንዳው የእንጨት ይሁን፤ ብረት በጨው ይበላል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት፣ ትንሽ ክዳን ሥሩለት፣ ታቹን ብሱት፤ ዝናብ ያገኘው ጨው ሟሙቶ ይሄዳል። ውኃ በቅርብ ይኑር፤ ምንጩ አፍ ላይ ግን አይሁን። ከቦረቦር ጫፍና ከማሳ ዳርም አርቁት፤ ከብት የሚሰበሰብበት መሬት ይራቆታል።

ጨው የሚጠራው የቤት እንስሳን ብቻ አይደለም። ደን አጠገብ ያላችሁ ገንዳውን ውጭ ካሳደራችሁት ድኩላም ይመጣል፤ ድኩላው ደግሞ ጨውን ልሶ ሲያበቃ ባቄላችሁን አይምርም። በአሜሪካ አዳኞች አጋዘን ለመሳብ ሆን ብለው የሚላስ ጨው ያስቀምጣሉ። ይሁንና አጋዘንን እያከሳ የሚገድል መድኃኒት የሌለው በሽታ ስላለ፣ አንዳንድ ግዛቶች ይህን ከልክለዋል። ብዙ እንስሳ አንድ ቦታ ሲልስ በሽታው በምራቅ ይተላለፋል።

ይህ ለእኛም ይሠራል። የጋራ የጨው ገንዳ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን በቀበሌው አፍተግር መኖሩ በተሰማበት ቀን ገንዳው ይዘጋ፣ እያንዳንዱም በየግቢው ያስልስ። ጎረቤት ቢቀየምም ይዘጋ።

ጨው ለረጅም ጊዜ ያላገኘን ከብት በመጀመሪያው ቀን ገንዳ ላይ አትልቀቁት። ናፍቆት ስለሚቆይ ከልክ በላይ ይልሳል፤ ውኃ ካጣ ደግሞ ይመረዛል። ለመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ትልቅ ከብት ሩብ ሲኒ ያህል በእጃችሁ እየሰጣችሁ፣ ውኃ እስኪጠግብ እያጠጣችሁ አለማምዱት። ከዚያ በኋላ ራሱ ልኩን ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ በማሰልጠኛው ግቢ ገንዳ እንሠራለን። መጥረቢያና መሮ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አጥንቱን እኛ አቃጥለን አዘጋጅተናል።