የእንቁላሏ ብስክሌት እና የጎደለው 15 ሚሊሜትር
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ የዛሬው ተራ የእኔ ነው። እንደ ልማዷ ስለ ደረሰኝ አያያዝ ልታወራ ነው ብላችሁ እስክሪብቶ ያወጣችሁ አላችሁ፤ መልሱት። የማወራው ስለ ብስክሌት ነው። ሂሳቡ ግን አልቀረም። ባለፈው ሪፖርት ላይ «የብስክሌት ሹካ» የሚል ወጪ ሁለት ጊዜ የተጻፈው ለምን እንደሆነ እናንተም ደጋፊዎቻችንም ጠይቃችኋል። የመጀመሪያው ወጪ የእኔ ስህተት ነው።

ብስክሌቷን ታውቋታላችሁ። ከአሜሪካ በስጦታ የመጣችልን፣ ጎማዋ ወፍራም፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ የተንሰራፋ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጪው የምትቆም አሮጌ ክሩዘር ናት። ከፊት ትልቅ ሞላ አላት። ይህ ዓይነት ባለሞላ ሹካ በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሽዊን የተባለው ፋብሪካ ያስለመደው ነው። ሹካ የምንለው የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፎ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ነው። የእኛዋ አራት እግር አላት። የኋላዎቹ ሁለቱ ከግንዱ ጋር የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ሁለቱ ከታች በትንንሽ መገጣጠሚያ ጎማውን ይይዛሉ፣ ከላይ ደግሞ ሞላው ላይ ያርፋሉ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሞላው ይጨመቅና ንዝረቱ እጅ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

ሞላው ለጌጥ አይደለም። ከገርጂ ኮብልስቶን ለኮብልስቶን ወጥተሽ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም እንቁላል ይዘሽ ስትሄጂ፣ ሞላ የሌለው ብስክሌት ላይ ቅርጫቱ ውስጥ የሚቀርሽ ለኦምሌት የተመታ ነው። ዋናው መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር ከተሰመረ ወዲህ እዚያ ችግር የለም፤ የውስጥ ለውስጡ ግን ያው ነው።

እንቁላል የምታደርሰው እህታችን አንድ ጠዋት «ሲጢጥ ይላል» ብላ መጣች። ስናየው ብየዳው አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። እኔ አስበይደን እንገላገል ባይ ነበርኩ። ሠፈራችን ያሉት ብስክሌት ጠጋኝ አባት ግን «ልጄ፣ ሹካ ሲሰበር አያስጠነቅቅሽም፤ በፊትሽ ነው የሚደፋሽ» ብለው እምቢ አሉ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነ።

እኔም ቸኮልኩ። ምናለሽ ተራ ድረስ አስፈልጌ፣ ሞላ ያለው፣ ለ26 ኢንች ጎማ የሚሆን ሹካ ሲገኝ ፎቶውን ብቻ አይቼ ክፍያውን ፈረምኩ። ሲመጣ ግንዱ አጠረ። ሻጩም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሜትር የያዝኩት። ሂሳቡ የመደመር ብቻ ነበር። የፍሬሙ አንገት 125 ሚሊሜትር፣ የላዩና የታቹ ኩሽኔታ ከነማጥበቂያ ዳዶው 34፣ የሞላው ማቀፊያ ብረት 6፤ ድምር 165። የገዛሁት ግንድ 150 ነው። የጎደለው 15 ሚሊሜትር ማለት ዳዶው የሚነክሰው ጥርስ የለም ማለት ነው። የማቀፊያዋን 6 ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ሞላ የሌለው ሹካ ላይ ስለሌለች።

ሁለተኛውን በካሊፐር ለክተን ነው የገዛነው። ርዝመቱ ልክ፣ የግንዱ ውፍረትም 25.4 ሚሊሜትር ማለትም አንድ ኢንች፣ ልክ። ቢሆንም ሌላ ጣጣ መጣ። ሹካው አናት ላይ የታችኛው ኩሽኔታ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ 27.0 ነው፤ የእኛ ቀለበት 26.4። አንዱ ልጅ መዶሻ ሲያነሳ ጮህኩበት። ሂሳብ ሠራተኛ ናችሁና ታውቁታላችሁ ልላችሁ ነበር፣ ለካስ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሚዛን በ60 ሳንቲም እምቢ ሲል ሳንቲሟን ከኪሴ ጨምሬ አልዘጋውም፣ ከየት እንደመጣች እፈልጋለሁ። ሹካውን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። 0.6 ሚሊሜትሩን ላጡልንና ቀለበቱ በልኩ ተቀመጠ።

መግጠሙን አባታችን እየመሩን እኔና እንቁላል አድራሿ ሠራነው። ግራሶ ቀብተን ኩሽኔታውን ከታችም ከላይም አስቀመጥን፣ ግንዱን በአንገቱ አሳለፍን። የላዩ ቀለበት የሚጠብቀው በእጅ ነው፤ መሪው በነፃ እስኪዞር፣ ግን እስካይንገጫገጭ ድረስ። ይቺን ሦስት ጊዜ ደጋግመናታል። ቀጥሎ የሞላው ማቀፊያ፣ መጨረሻ ላይ ማጥበቂያው ዳዶ። አባታችን ከሳምንት በኋላ ኩሽኔታው ቦታ ስለሚይዝ እንደገና ፈትሹት አሉን። እውነትም ትንሽ ላልቶ አገኘነው።

አሁን እንቁላሉ ሳይሰበር ይደርሳል። አጭሩ ሹካ ግን ስቶር ውስጥ አለ። ዋጋውን ከኪሴ ልተካ ብዬ ኮሚቴውን ጠይቄ፣ «ጉባኤው ይወስን» ተብያለሁ። በአጀንዳው ተራ ቁጥር 4 ላይ ነው። አንገቱ አጠር ያለ ብስክሌት ያለው ሰው የምታውቁ ካላችሁ ከድምፁ በፊት ንገሩኝ፤ የአንገቱን ልክ ግን ይዛችሁልኝ ኑ።

ብስክሌቷ በሩ ላይ ቆማለች። ከሻዩ በኋላ የፊት ጎማዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ መሪውን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁት፤ ቋ ካለ ጥሩኝ።