የማርያም ግምብ ፍርስራሽና የጣና መቃብሮች



ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ሐይቁን ለተሻገረ ሰው፥ በጎርጎራ አካባቢ ወደ ጣና ገባ ባለ ምድር ላይ የአገሬው ሕዝብ ማርያም ግምብ የሚለው ፍርስራሽ ይታያል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1607–1632) የጀስዊት ሚሲዮናውያን ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ የሠሩበት ስፍራ ነው። ግንቡ ብዙ ጊዜ የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይባላል፤ ይሁን እንጂ ፓኤዝ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሲያርፍ የዚህ ሕንፃ መሠረት ገና አልተጣለም ነበር።

ከ2006 ጀምሮ የማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ከጣና ሰሜን ዳር እስከ አዘዞ ያሉትን የሚሲዮን ስፍራዎች መርምረዋል፤ ውጤቱም በ2017 በመጽሐፍ ወጥቷል። በማርያም ግምብ ግድግዳ ላይ በአበባ ቅርጽ የተጠረበ ድንጋይ አለ። ለሙያው ሰው ግን ከጌጡ ይልቅ ማያያዣው ኖራ ይበልጥ ያስተምራል። በኖራ የመገንባቱን ሥራ ከህንድ የመጡ ግንበኞች አግዘውታል፤ ድንጋዩን ያነሣው፥ ያመላለሰውና የካበው ጉልበት ግን የአገሬው ነው። አፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን ከአገር ሲያስወጡ ኖራውን አላስወጡትም፤ የጎንደር ግንብ የቆመው በእርሱ ነው። ስለዚህ ፍርስራሹን «የፖርቱጋል ግንብ» ብሎ ማለፍ ነገሩን ማሳነስ ነው።

መቃብሮቹ ሌላ ዕድል ገጥሟቸዋል። ሱስንዮስ ያረፉት በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። የልጃቸው የፋሲለደስ አስከሬን ደግሞ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ከአፄ ይኩኖ አምላክ፥ ከአፄ ዳዊት፥ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብና ከአፄ ዘድንግል ጋር ይገኛል። ለሴቶች በማይፈቀደው በዚያ ደሴት መነኮሳቱ ዐፅሙን በአደራ ጠብቀውት ኖረዋል።

ማርያም ግምብ ግን እንዲህ ያለ ባለአደራ የለውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ በተሰነጠቀው ግድግዳ ይሰርጋል፤ የዛፍ ሥርም ድንጋዩን ይፈለቅቃል። ከዚህ የከፋው በቅን ልቡና የሚደረግ ጥገና ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል፤ የተጎዳውም ፊተኛው ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ መሐንዲሱ ስንጥቁን ሊደፍን ሲነሣ ኖራ ይያዝ። ከዚያም በፊት የወደቀው ድንጋይ እያንዳንዱ በወደቀበት ቦታ ተለክቶ፥ ተሥሎና ቁጥር ተሰጥቶት ይመዝገብ፤ አንድ ጊዜ ከስፍራው ከተነሣ በኋላ ከየትኛው ቅስት እንደ ወደቀ የሚናገር አይገኝም።