«ፕሬስቲጂየስ» ስለሚለው ቃል



መሐንዲስ በጨረታ ሰነድም ሆነ በድርጅቶች መግለጫ ዘወትር ከሚያጋጥሙት የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አንዱ «ፕሬስቲጂየስ» የሚለው ነው። በአማርኛ ስመ ጥር፣ ገናና፣ አንቱ የተባለ እየተባለ ይተረጎማል።

ይሁን እንጂ ቃሉ ከክብር አልተወለደም። ምንጩ በላቲን የምትሃተኛን የዓይን ማታለል የሚያመለክት ሲሆን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም ትርጉሙ «አታላይ» ነበር። የዛሬውን የምስጋና ትርጉም ይዞ የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ጎረቤቱ «ኤሚነንት» ግን ከሌላው ከፍ ብሎ መታየትን ከሚገልጽ የላቲን ግሥ የመጣ ነው። በአጠቃቀምም ይለያያሉ፤ «ኤሚነንት» በዕውቀቱ ለላቀ ሰው ሲነገር፣ «ፕሬስቲጂየስ» ይበልጡን የሚነገረው ለባለቤቱ ዝናን ለሚያላብስ ትምህርት ቤት፣ ሽልማት ወይም ሹመት ነው።

በአማርኛም «አንቱ የተባለ» የሚለው አነጋገር አንድ ቁም ነገር ይዟል። ማንም ራሱን አንቱ አይልም፤ አንቱታ ከሌላ ሰው አፍ የሚገኝ ነው። የሰጠው ሰው ግን ሥራውን መርምሮ ይሁን በስሙ ተደንቆ ቃሉ አይናገርም።

ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት የጠየቀበት ጊዜ አለ። በካናዳ የኬቤክ ድልድይ ሲሠራ አማካሪው ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ አንቱ የተባለ የአሜሪካ መሐንዲስ ነበር። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ1,600 ወደ 1,800 ጫማ እንዲያድግ ሲወሰን፣ የድልድዩ የራሱ ክብደት በወቅቱ እንደገና አልተሰላም። ሥራውን ሌላ መሐንዲስ እንዲመረምረው የቀረበውን ሐሳብም ኩፐር ተቃወመ፤ ከዝናው የተነሣም ተቃውሞው ተቀባይነት አገኘ። ኦገስት 29 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ድልድዩ ገና ሳይጠናቀቅ ወደቀ፤ 75 ሠራተኞችም ሞቱ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኩፐርም ስም ውሏል፤ በሰሜን አሜሪካ የባቡር ድልድይ የሚሸከመው ጭነት ዛሬም በእርሱ ስም በሚጠራ መለኪያ ይሰላል፤ ኬቤክ ሲነሣም ስሙ አብሮ ይነሣል። እንግዲህ «ፕሬስቲጂየስ» የሚል ቃል በሰነድ ላይ የሚያነብ መሐንዲስ የቃሉን ጥንተ ትርጉም አስታውሶ ስሌቱን እንደገና ቢመረምር፣ ባለ ስሙን ማክበሩ ነው እንጂ መናቁ አይደለም።