138 የሚል ወረቀት

የማወራችሁ ስለ አንድ የደም ምርመራ ነው። እኔ ከ10ኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህ ምርመራ ከሥራዬ ሊያስወጣኝ ስለነበር ሰው እስኪሰለቸኝ ድረስ ጠይቄ ነው የተረዳሁት።

ቤይሩት በገባሁ በ4ኛው ዓመት ድካም በዛብኝ፣ ምግብም አልበላ አለኝ። ማዳም ወስዳ ደም አስመረመረችኝ። ወረቀቱ ሲመጣ ብዙው ደህና ነው፤ አንዱ መስመር ላይ ግን ኮከብ አለ። ኤ ኤል ቲ ይላል። አንዳንዱ ላቦራቶሪ በድሮ ስሙ ኤስ ጂ ፒ ቲ ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። የእኔ 138 ነበር፤ ጎኑ ላይ ደግሞ እስከ 40 ይላል። ማዳም "ጉበት" የሚለውን ስትሰማ ሌላውን አልሰማችም። በዚያው ማታ ሳህኔና ብርጭቆዬ ተለየ፣ ሕፃኑን እንዳላቅፍ ተነገረኝ። በማግስቱ መክተብ ተደወለ፤ "በሽተኛ ናት፣ ቀይሩልኝ።" እኔም አገር ቤት "የወፍ በሽታ" ሲባል የሰማሁት ሁሉ መጣብኝ። ዓይኔ ቢጫ ሆኗል፣ አልሆነም እያልኩ መስታወት ፊት ቆሜ አደርኩ። የእናቴ ቤት ገና ጣሪያ አልለበሰም።

ያዳነችኝ የማዳም እህት ልጅ ናት፤ ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው። ወረቀቱን አይታ "ይህ ቁጥር የበሽታ ስም አይደለም" አለቻት። አንዳንድ ቅዳሜ ላቦራቶሪውን እንዳጸዳ ትወስደኝ ነበርና ኋላ ዕቃውን አሳየችኝ።

ኤ ኤል ቲ ጉበታችን ውስጥ የሚሠራ ኢንዛይም ነው። ጤነኛ ሰውም ደሙ ውስጥ ትንሽ አለው። ጉበት ሲጎዳ ግን እንደተሰነጠቀ እንስራ ወደ ደም ያፈሰዋል። ቁጥሩ እንስራው ማፍሰሱን ይናገራል፤ ማን እንደሰነጠቀው አይናገርም። ይህን ያዙልኝ።

የሚለካበት ዕቃ ኪት ይባላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ካርቶን ነው፣ ውስጡ የፈሳሽ ጠርሙሶች አሉት። እኔማ መጀመሪያ ሽቶ መስሎኝ ነበር። የተቀዳው ደም ረግቶ በማሽን ይሽከረከራል፤ የቡና አተላ ጀበና ሥር እንደሚቀር ቀዩ ከታች ይዘቅጥና ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ከዚያ ቢጫ ውሃ ትንሽ ጠብታ ከኪቱ ፈሳሽ ጋር ትቀላቀልና በ37 ዲግሪ፣ ማለት በሰውነታችን ሙቀት፣ ማሽኑ ውስጥ ትቆያለች። ማሽኑ ዓይናችን የማያየው ብርሃን ይልክባታል። ፈሳሹ ውስጥ ያንን ብርሃን የሚውጥ ነገር አለ። ኢንዛይሙ ሥራውን ሲሠራ ያ ነገር እያለቀ ይሄዳል፣ ብርሃኑም እየበዛ ያልፋል። የሚቆጠረው በደቂቃ ምን ያህል እንዳለቀ ነው፤ ቶሎ ካለቀ ኢንዛይሙ ብዙ ነው። አርተር ካርመን የሚባል ሐኪም በፈረንጅ 1955 ነው እንዲህ በብርሃን መለካትን የጻፈው፤ መጀመሪያ የተለካው የኤ ኤል ቲ እህት የሆነው ኤ ኤስ ቲ ነበር።

ደም ሲቀዳ ቀዩ ሕዋስ ከፈነዳ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ውጤቱም ሊያሳስት ይችላል። ልኩም በየላቦራቶሪው ይለያያል። የእናንተን ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ ካለው ልክ ጋር እንጂ ከጓደኛችሁ ወረቀት ጋር አታስተያዩ።

ሐኪሙ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ብሎ ነው። ምንም አልኩት። ፓናዶልን ማን መድኃኒት ይለዋል? ያን ሰሞን ምንጣፍ አጥቤ ወገቤ ተይዞ ነበር፤ ባለ 500ውን ሁለት ሁለት እያልኩ በቀን 10 እውጥ ነበር። በላዩ ለጉንፋን በሙቅ ውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት እጠጣለሁ፤ ለካ እሱም ውስጥ ያው ፓራሲታሞል አለ! ዓቢይ ጾም ስለነበር በቅጡም አልበላም። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ለከሳና ምግብ ለማይበላ ከዚያም ያንሳል። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ለብቻው ተሠራልኝ፣ የለብኝም። ፓናዶሉን ተውኩ። ከ5 ሳምንት በኋላ 34 ሆነ። ማዳም ይቅርታ አላለችኝም፤ ብርጭቆዬ ግን ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት እህታችን፤ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው። የእሷ ኤ ኤል ቲ 22 ነበር፣ ደህና ማለት ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ተገኘባት። ስለዚህ ይህ ቁጥር ደህና ሆነ ማለት ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም። ቢ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ነው። በሳህን፣ በማቀፍ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አትዋዋሱ፤ አብሮ መብላቱን ግን አትፍሩ። በየጊዜው እየተመረመሩ ብዙ ዘመን የሚኖሩ አሉ፣ ለሚያስፈልጋቸውም የሚዋጥ መድኃኒት አለ። የሌለባት ደግሞ ክትባት ትወስዳለች፤ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ተስፋ ቆርጣ ብዙ ፓናዶል የዋጠች እህት ብታውቁ፣ "ደህና ነኝ፣ ተኝቼ ልነሣ" ብትላችሁ አትስሟት። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማት ይችላል፤ ጉበቷ ግን እየተጎዳ ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ እጅግ ይሠራል፣ ቢዘገይም ውሰዷት። ሽንቷ እንደ ሻይ የጠቆረ፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነም ቀጠሮ አትጠብቅ።

የምርመራ ወረቀታችሁን ለማዳም ከመስጠታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ዛሬ ወረቀት የያዛችሁ ካላችሁ ኋላ ቡናው ሲፈላ ለብቻ አሳዩኝ፤ ያየሁትን ያህል እነግራችኋለሁ፣ ካልገባኝም ያቺን የላቦራቶሪ ልጅ እጠይቅላችኋለሁ። የሰው ቁጥር በጉባኤ አይነበብም።