ጭነትን አጥብቆ ማሰር፣ ማሰሪያንም ጠብቆ ማስቀመጥ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል በኅብረት ሥራ ስብሰባ ላይ ሳይነሳ አይቀርም። ዛሬ የሚነሳው ግን ስለ ራሱ ስለ ገመዱ ነው፤ የአባሉን ማዳበሪያ፣ ድንችና ስንዴ መኪና ላይ ስለሚይዘው ገመድ።

የደብረ ታቦር አካባቢ ለከባድ ጭነት እንግዳ አይደለም። በጋፋት የተሠራውና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎትቷል። ወራት በፈጀው በዚያ ጉዞ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ወርዶ ወጥቷል። ዛሬ ያንን የሚያህል ክብደት አንድ የጭነት መኪና በሰዓታት ያደርሰዋል። የክብደት ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት ይገፋል።

ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ባለው ዳገትና ጥምዝ ላይ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፤ ያልታሰረው ጭነት ግን ጉዞውን ይቀጥላል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ፣ የካሶኒው ግድግዳና ማሰሪያው በአንድነት ወደ ፊት የጭነቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችሉ ይጠይቃል። 50 ኩንታል ለጫነ መኪና ይህ ማለት ወደ ፊት 40፣ ወደ ጎን 25 ኩንታል ነው። በመሆኑም «ከባድ ስለሆነ አይንቀሳቀስም» የሚለው አስተሳሰብ አደገኛ ነው።

ስለ ማሰሪያ ምርጫ የሚከተሉት ሊታወቁ ይገባል፦

የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ስለሚለጠጥ መንገድ ላይ ይላላል። ርካሹ የፕላስቲክ ገመድ ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይሰባበራል። ብዙም የማይለጠጠው የፖሊስተር ጠፍጣፋ ቀበቶ፣ ከነማጥበቂያው፣ ለጭነት ተመራጭ ነው። ሲገዛም የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ምልክት መኖሩ ይታይ። የተቋጠረ ገመድ ከጥንካሬው እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ሊያጣ ስለሚችል የተበጠሰውን እየቀጠሉ መጠቀም አያዋጣም። ገመዱ ስለታም ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ወፍራም ጆንያ ወይም ጣውላ ጣል ማድረግ ይገባል።

አጫጫኑም ከማሰሪያው አይተናነስም። ጆንያው ከፊት ግድግዳው ጀምሮ ክፍተት ሳይተው፣ እየተቆላለፈ ይደርደር። ዩሪያ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ዝናብ ባይኖርም ሸራው አይቅር። ድንች ግን አየር ይፈልጋል፤ ገመዱም በቀጥታ ከተጫነው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጣውላ ተደርጎበት ይታሰር። ጭነት መንገድ ላይ ይሰክናል፤ ማሰሪያውም ይላላል። ስለዚህ ከወረታ የተነሳ መኪና ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት አለም በር ላይ ቆሞ ማሰሪያውን እንደገና ያጥብቅ።

አያያዙን በተመለከተ ገበሬው የቆየ ልምድ አለው። የአህያውን መጫኛ ቅባት እየቀባ ያለሰልሰዋል፤ ጅብና ውሻ እንዳይበላበትም ማታ ቤት ያስገባዋል። የራሱን መጫኛ እንዲህ የሚጠብቅ አባል የማኅበሩ ገመድ ከመጋዘን ውጭ በጭቃ ሲረገጥ ዝም ብሎ ሊያይ አይገባም። ገመድና ቀበቶ ከጭቃ ጸድቶ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ፀሐይና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ተጠቅልሎ ይሰቀል። ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይ መድኃኒትና የባትሪ አሲድ ካሉበት ይራቅ። ሸራም እርጥብ እንዳለ አይታጠፍ፤ ይሻግታል።

ይህ ሁሉ ኃላፊ ያስፈልገዋል። በብዙ ቦታ ገመድ የሾፌሩና የረዳቱ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል፤ ጭነቱ ግን የአባሉ ነው። እያንዳንዱ መጋዘን ቁጥር የተሰጣቸው ማሰሪያዎች ይኑሩት፤ መጋዘን ጠባቂው በፊርማ ያውጣ፣ በፊርማ ይረከብ። የተቆረጠ ወይም ክሩ የወጣ ማሰሪያ ሲገኝም ይወገድ። የወረዳ ኃላፊዎችም መጋዘን ሲጎበኙ ከኩንታሉ ቆጠራ ጋር ማሰሪያውን ይመልከቱ።

ከሁሉም በላይ ከጭነቱ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጉዳይ አለ። ከገበያ ሲመለስ ጆንያ ላይ የሚወጣው አባት፣ ወይም ጫኝና አውራጅ ሆኖ የሚሠራው ወጣት፣ ጭነቱ ሲናድ አብሮ ይወርዳል። በዱቤ የተወሰደ ማዳበሪያ ቢጠፋ ዕዳው በጊዜ ብዛት ይከፈላል፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም። በመሆኑም ዩኒየኑና ማኅበራቱ ሰው ከጭነት በላይ ያሳፈረ መኪና ከመጋዘናቸው በር እንዳይወጣ በዚህ በዓል ላይ ቢወስኑ ለአባላቸው ትልቅ ስጦታ ይሆናል።

መልካም በዓል!