ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሞተር ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር መግጠሙን ስለማረጋገጥ

(በምሥረታ በዓሉ ላይ ከዩኒየኑ የጥገና ክፍል የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላት፣
ክቡራን የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣

በበዓል ቀን ስለ ቫልቭ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የትራክተራችን፣ የወፍጮአችንና የመስኖ ፓምፓችን ጉልበት ከዚህ ትንሽ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ሞተሩ የተገዛው በአባላት ገንዘብ ነው። ሽንኩርቱ ውኃ በሚጠማበት ሳምንት ፓምፑ ቢቆም የሚደርቀውም የአባላት ማሳ ነው።

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየርን በኃይል በማመቅ ነው። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚሁ ግለት ይነዳል። ቫልቩ ከመቀመጫው ጋር በደንብ ካልገጠመ የታመቀው አየር ያመልጣል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ጭስ ያበዛል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ደግሞ ከሚያገኘው ሙቀት አብዛኛውን የሚያስተላልፈው ተዘግቶ ሳለ በመቀመጫው በኩል ነው። ባልገጠመበት ቦታ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ የጋለ ጋዝም ይሾልካል፣ በመጨረሻም የቫልቩ ጠርዝ ይቃጠላል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ሥራም ይሆናል።

ይሁን እንጂ ጉልበት ያነሰው ሞተር ሁሉ የቫልቭ ሕመምተኛ አይደለም። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የተበላሸ የነዳጅ መርጫ ወይም ያለቀ የፒስተን ቀለበት ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ ቴስታታው ከመከፈቱ በፊት ማጣሪያውና የቫልቭ ክፍተቱ ይታይ፤ የእመቃው መጠንም በመለኪያ ይለካ።

ቴስታታው ከተከፈተ በኋላ የሚከተለው ቅደም ተከተል ቢጠበቅ መልካም ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቫልቭ ወደ ራሱ መቀመጫ እንዲመለስ ቁጥር ይሰጠው።

ሁለተኛ፣ ጥላሸቱ ይጽዳ። ዘንጉ የጎበጠ፣ ጠርዙ የተቃጠለ ወይም የሳሳ ቫልቭ በመሞረድ አይድንም፤ ይለወጥ። ዘንጉ የሚመላለስበት ቡሽ ካለቀም አስቀድሞ ይታደስ፤ አለዚያ ቫልቩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይቀመጥም።

ሦስተኛ፣ የመሞረጃ ቅባት በቫልቩ ፊት ላይ በስሱ ይቀባ። ይህ ቅባት ጠንካራና ደቃቅ የሞረድ ቅንጣት የተለወሰበት ነው፤ ሻካራና ለስላሳ ዓይነት አለው። ጫፉ ላይ የጎማ መምጠጫ ባለው እንጨት ቫልቩን ይዞ በሁለት መዳፍ መካከል ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ በየጊዜውም አንሥቶ ቦታውን መለወጥ ያስፈልጋል። ዙሪያውን ያልተቋረጠ ግራጫ ቀለበት ሲታይ ይቆማል። ከዚያ በላይ መሞረድ መቀመጫውን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም። ፊታቸው ልዩ ቅብ ያለው ቫልቮች ግን ጭራሽ አይሞረዱም፤ የአምራቹ መመሪያ ይታይ።

አራተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሥራ ይኸኛው ነው። ግራጫው ቀለበት ቅባቱ የት እንደሞረደ እንጂ ቫልቩ በትክክል መግጠሙን አያረጋግጥም። ስንሞርድ ቫልቩ ስለሚዞር ጠማማ ቫልቭም በመቀመጫው ላይ ሙሉ ቀለበት ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ቅባቱ ታጥቦ ከጠራ በኋላ በቫልቩ ፊት ላይ በየ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትሩ በእርሳስ አቋራጭ መስመር ይሰመር። ቫልቩ በቦታው ገብቶ ተጫን ተደርጎ ትንሽ ይዙር። ሲወጣ መስመሮቹ ሁሉ ተቆርጠው ከተገኙ ገጥሟል፤ በአንድ በኩል ያልተነካ መስመር ካለ አልገጠመም። መፈተሻ ሰማያዊ ቀለም ካለ ደግሞ ይበልጥ ያሳያል። የመግጠሚያው ስፋት በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በቫልቩ ፊት መካከል ላይ ሊያርፍ ይገባል። በጣም ከሰፋ ጥላሸት ይይዛል፤ በጣም ከጠበበ ሙቀት አያስተላልፍም።

አምስተኛ፣ የመሞረጃው ቅባት ምንም ሳይቀር ይታጠብ። የቀረ ቅንጣት ቡሹንና ሲሊንደሩን መሞረዱን ይቀጥላልና። ቫልቮቹ ከነስፕሪንጋቸው ሲገጠሙ በአየር ማስገቢያውና በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ላምባ ጨምሮ መንጠባጠብ አለመኖሩን ማየት ጥሩ ፍተሻ ነው። የተሞረደ ቫልቭ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ እንደገና ሳይስተካከል ሞተሩ አይነሣ። ክፍተት ያጣ ቫልቭ አይዘጋም፤ ያልተዘጋ ቫልቭም ይቃጠላል።

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት፣ የጥገና ክፍያ ከመፍቀዳችሁ በፊት እርሳሱ የተቆረጠበትን ቫልቭ አሳዩን በሉ። ፍተሻው የሚጠይቀው አንድ እርሳስና የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። ለየሞተሩም መዝገብ ይኑር፤ የተሠራበት ሰዓት፣ የተለካው እመቃና የተለወጠው ዕቃ ይጻፍበት።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት በ1995 እ.ኤ.አ. ካጸደቃቸው 7 መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው። ከየመሠረታዊ ማኅበሩ አንድ ኦፕሬተር በአካባቢው ባለ የቴክኒክና ሙያ ተቋም ይህን ሥራ በእጁ ሠርቶ እንዲማር ብታግዙን፣ በመስኖና በመኸር ወቅት መካኒክ ፍለጋ ከተማ ለከተማ መዞሩ ይቀንስልናል።